ለመናኸሪያዎቻችን አንድ መደብ፦ ስለ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ጉዞ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ በጎጃም ዞኖችና በአዊ በየደረጃው ላላችሁ የትራንስፖርት ኃላፊዎች፣ ለመናኸሪያ አስተዳደሮች፣ ለተሽከርካሪ ባለንብረቶች ማኅበራት፣ እንዲሁም ለሾፌሮችና ለረዳቶች፤

የተከበራችሁ ወገኖቼ፣

በመምህርነት ከሠላሳ ዓመት በላይ አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ፣ በልጅነቴ ፖሊዮ ግራ እግሬን ስላሰለለው በክራንች የምሄድ የምሥራቅ ጎጃም ነዋሪ ነኝ። ዕድሜዬን በአውቶቡስና በሚኒባስ ስመላለስ ነው የኖርሁት፤ ከደጀን እስከ ባሕር ዳር ባለው መንገድ ላይ የማላውቀው መናኸሪያ፣ ያልወደቅሁበትም መናኸሪያ ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ እስከ ዘንድሮ ድረስ ለማንም አንዲት ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም። ሰው ሁሉ እንደ እኔ ክራንቹን አስቀድሞ ወደ ውስጥ አቀብሎ፣ የበሩን ብረት ጨብጦ፣ እንደ ምንም ተንጠላጥሎ የሚወጣ ይመስለኝ ነበር። ይህን እንድጽፍ ያስነሣኝ የታላቅ እኅቴ ነገር ነው።

እኅቴ ሰባ ሁለት ዓመት ሆኗታል። ከአራት ዓመት በፊት ስትሮክ መትቷት ቀኝ ጎኗ አይታዘዝላትም፤ የምትንቀሳቀሰው በዊልቸር ነው። ባለፈው ሰኔ የክትትል ቀጠሮዋ ስለደረሰ ከወረዳ ከተማችን ወደ ደብረ ማርቆስ ልወስዳት ማለዳ ተነሣን። ዊልቸሩ ታጥፎም ቢሆን እኛ ከተቀመጥንበት ባጃጅ ውስጥ ስለማይገባ ለእሱ ብቻ ሌላ ባጃጅ ኮንትራት ያዝን፤ በዚህ ዓይነት ገና መናኸሪያ ሳንደርስ የሁለት ባጃጅ ሒሳብ ከፍለናል። 12 ሰዓት ላይ ግቢው ስንገባ ሌሊቱን ሲዘንብ ስላደረ መሬቱ ዋልካ ብቻ ሆኗል። ዋልካ ምን እንደሚያደርግ ለጎጃም ሰው አልነግረውም፤ የዊልቸሩ ትንንሽ የፊት ጎማዎች ሁለት ክንድ ያህል እንደሄዱ ጭቃውን ጠቅልለው አብጠው ቆሙ። የጎረቤታችን ልጅና አንደኛው ባለባጃጅ ወንበሩን ከነእኅቴ አንሥተው ተራው ድረስ አደረሱልን።

ተራ ይዞ የሚጭነው ሚኒባስ ረዳት ዊልቸሩን ዞር ዞር ብሎ አየና «እማማን እንወስዳለን፤ ወንበሩ ግን የሁለት ሰው ቦታ ይይዛል፤ ሒሳቡን ትከፍላላችሁ» አለ። እሺ አልን። ሾፌሩ ደግሞ ከጋቢናው አንገቱን አውጥቶ «እሱን እስክታስር ሰው ይወርድብኛል፤ ቀጣዩ ይውሰዳቸው» አለ። ቀጣዩም እንዲሁ አለ። ሦስተኛው ቅጥቅጥ አውቶቡስ ነበር። የዚህኛው ረዳት ደግ ልጅ ነው፤ ያለ ምንም ጭቅጭቅ ዊልቸሩን ፖርቶ መጋላው ላይ ሰቅሎ ከጆንያና ከዶሮ ቅርጫት ጋር በገመድ አሰረው። ከዚያ የእኅቴ ተራ ደረሰ። የመኪናው የመጀመሪያ ደረጃ ከጉልበቴ በላይ ነው፤ በሩ ደግሞ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያስገባም። አንዱ ከውስጥ ሆኖ በብብቷ ሳባት፤ ሌላው ከታች ሆኖ እግሯን ይዞ ገፋት። ነጠላዋ ከራሷ ወርዶ የበሩ ብረት ላይ ተያዘና ተቀደደ፤ ቀሚሷም ተገለበ። ረዳቱ «አይዞሽ እማማ፣ ደረስን፣ ደረስን» ይላታል፤ እሷ ዐይኗን ጨፍናለች። በከተማችን የስንቱን ሰርግ ድግስ የመራች፣ ሰው ሁሉ እትዬ ብሎ ተነሥቶ የሚያስቀምጣት ሴት ናት፤ መናኸሪያው ውስጥ ከቆመው ሰው ግማሹ ያውቃታል።

ደብረ ማርቆስ ስንወርድ የአንደኛው ጎማ ዘንግ ተጣሞ አገኘነው። ብየዳ ቤት ወስጄ አስቃናሁት፤ ዛሬም ሲሄድ ወደ ግራ ይጎትታል።

የመስከረም ቀጠሮዋ ሲደርስ አልሄድም አለች። ለመንኋት፤ የንስሓ አባቷም መጥተው ለመኗት። «እንደ እህል ጆንያ ሲጭኑኝ አገር አይቶኛል፤ ይበቃኛል» አለች። መድኃኒቷን እኔ ካርዷን ይዤ ሄጄ አመጣሁላት፤ ደም ግፊቷን ግን እኔ ተለክቼላት ልመጣ አልችልም።

ይህን ለአንድ የትራንስፖርት ባለሙያ ሳነሣላቸው በትሕትና ካዳመጡኝ በኋላ «ጋሼ፣ በዊልቸር የሚመጣ ተሳፋሪ እኮ በወር አንድም አይገጥመንም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እኅቴም ከእንግዲህ አትገጥማቸውም። አንድ ጊዜ ተዋርዶ የተመለሰ ሰው ሁለተኛ ስለማይመጣ መናኸሪያው ፈላጊ የሌለ ይመስለዋል፤ ፈላጊ የለም ስለተባለም ምንም አይሠራም፤ ምንም ስላልተሠራም ፈላጊው አይመጣም። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በአገራችን አካል ጉዳተኛ ተብሎ የተመዘገበው ሰው ከመቶ አንድ ገደማ ብቻ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ሪፖርት ደግሞ ከዓለም ሕዝብ 15 በመቶ የሚሆነው ከአካል ጉዳት ጋር እንደሚኖር ገምተዋል። ኢትዮጵያ ከዓለም ተለይታ ጤነኛ ስለሆነች የመጣ ልዩነት እንዳልሆነ ለማወቅ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። ቆጣሪው ደጃፍ ቆሞ ሲጠይቅ ጓዳ ያለውን የሚጠራለት የለም፤ እኔ ራሴ አስተማሪ ሳለሁ በአንድ ቆጠራ ላይ ተሳትፌ፣ እናትየው የደበቀችውን ልጅ ቡና እየጠጣሁ ሳለ ድምፁን ሰምቼ ነው የመዘገብሁት።

ለመሆኑ እነዚህ ሰዎች በእኛ አገር እነማን ናቸው? አካል ጉዳተኛ ሲባል ብዙ ሰው ዊልቸር ብቻ ስለሚታየው ጥቂት ልዘርዝር። ጎጃም በቀይ ሸክላ አፈር ላይ በባዶ እግር ሲሄዱ ከመኖር የሚመጣው የእግር እብጠት፣ በተለምዶ ዝሆኔ የምንለው በሽታ በብዛት ከሚገኝባቸው የአገራችን አካባቢዎች አንዱ ነው። ከደብረ ኤልያስ፣ ከደምበጫ፣ ከቡሬ ገጠሮች የሚመጡ ገበሬዎችና እናቶች እግራቸው ከብዶ፣ አንዳንዴም ቆስሎ፣ ያን ከፍ ያለ ደረጃ መርገጥ አቅቷቸው ሲቆሙ አይቻለሁ። ከመቆማቸው ይልቅ ልቤን የሚነካው ሌላ ነው፤ ሽታ አለው ተብሎ ከጎናቸው የሚቀመጥ ሰው ስለሚጠፋ ረዳቱ ቀድሞ «ሞልቷል» ይላቸዋል። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ መነሻው አፈሩ ነው፤ ጫማ በመልበስና እግርን በመታጠብ የሚከላከሉት ነው። ይህን ረዳቶቻችን ቢያውቁት ምንኛ ጥሩ ነበር። የአማራ ክልል በትራኮማም ከአገሪቱ እጅግ ከተጎዱት አንዱ እንደሆነ የታወቀ ነው፤ ሽፋሽፍታቸው ወደ ውስጥ እየተቀለበሰ ዐይናቸውን ሲወጋቸው ኖሮ ብርሃናቸውን ያጡ አረጋውያን፣ በተለይ ሴቶች፣ በየመንደሩ አሉ። ዐይነ ስውር ለደረጃው አይቸገርም ትሉ ይሆናል፤ እሱ የሚቸገረው የትኛው መኪና የት እንደሚሄድ በማወቅ፣ የት እንደደረሰ በማወቅና መልስ ሲሰጠው ብሩን በመለየት ነው። ዋሸራንና ዲማን በመሰሉ የቅኔ ጉባኤዎች በሚታወቅ አገር፣ ስንቱን መጽሐፍ በቃላቸው የያዙ ዐይነ ስውር የኔታ መናኸሪያ መካከል ቆመው «ልጆቼ፣ የሞጣው የቱ ነው?» እያሉ ሲጣሩ የሚመልስላቸው ማጣታቸው ለእኔ ከድህነት ጋር የሚያያዝ ነገር አይደለም። ከእነዚህ ሌላ ምንም ስም ያልወጣለት ችግር ያለባቸው አሉ፦ ጉልበቷን የምታማት፣ ሽንት ቶሎ ቶሎ የሚመጣባት፣ ጆሮዋ የከበደ፣ ተሰልፋ ግማሽ ሰዓት መቆም የማትችል አሮጊት። እኔም፣ እናንተም፣ ዕድሜ ከሰጠን፣ ወደዚያው ነን።

በሌላው ዓለም ለዚህ ችግር ያወጡለት መላ ፓራትራንዚት ይባላል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የአካል ጉዳተኞች ሕግ፣ መደበኛ የአውቶቡስ መስመር የሚያካሂድ ማንኛውም የሕዝብ ትራንስፖርት ተቋም በአካል ጉዳቱ ምክንያት በአውቶቡሱ መጠቀም ለማይችል ሰው ተጠርቶ የሚመጣ ተሽከርካሪ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። አገልግሎቱ ከመስመሩ ግራና ቀኝ እስከ ሦስት አራተኛ ማይል፣ ማለትም 1.2 ኪሎ ሜትር ያህል መድረስ አለበት፤ ተሳፋሪው አንድ ቀን ቀድሞ ያስመዘግባል፤ ዋጋው ከመደበኛው ታሪፍ እጥፍ መብለጥ አይችልም፤ የሚደግፈው ሰው ካለ ያ ሰው በነፃ ይሄዳል። እንከን የለውም ማለቴ አይደለም፤ ተጠቃሚዎቹ መኪናው ስለ መዘግየቱ ያማርራሉ፤ ከተሞቹም አንዱ ጉዞ ከመደበኛው አውቶቡስ ጉዞ ብዙ እጥፍ ገንዘብ እንደሚያስወጣቸው ይናገራሉ። እኛ ያንን ገንዘብ የለንም፤ ያንንም ሕግ አምጡልን አልልም። የሚያስገርመኝ ነገር ግን አለ። የትራንስፖርት ምሁራን ስለ እኛ ዓይነት አገሮች ሲጽፉ ፓራትራንዚት የሚሉት የራሳችንን ሚኒባስና ባጃጅ ነው። ሰዓት የሌለው፣ በእጅ ምልክት የሚቆም፣ ደጃፍ ድረስ የሚመጣ፣ መንገዱን እንደ ተሳፋሪው ፍላጎት የሚያጣምም አገልግሎት ስለሆነ ነው እንዲህ ያሉት። ሌላው ዓለም በብዙ ገንዘብ የሚገዛውን መተጣጠፍ እኛ ድሮውኑ አለን። የጎደለን ያ መተጣጠፍ ለደካማው የሚሠራበት ደንብ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ ለሚለው፣ ከሁሉ በፊት የማስቀድመው አንድ ነገር አለ፤ በዚህ ላይ ትንሽ ብዘገይ ይቅርታ አድርጉልኝ። በበዓል ሰሞን ከየወረዳችን ወደ አዲስ አበባ በሬ የሚጭኑ አይሱዙ መኪኖች እንዴት እንደሚጭኑ ሁላችሁም አይታችኋል። ሾፌሩ መኪናውን ወደ ኋላ እየነዳ አፈሩ ከፍ ወዳለበት ጥግ ያስጠጋና የኋላ በሩን ይከፍታል፤ በሬው ምንም ሳይዘል ከመደቡ ወደ መኪናው ይራመዳል። ተፈጥሮ ያዘጋጀችው ጥግ በሌለበት ከተማ ነጋዴዎቹ ራሳቸው ድንጋይ ደርድረው አፈር ሞልተው መደብ ይሠራሉ፤ ምክንያቱም በሬ እግሩ ከተሰበረ ኪሳራ ይገባል። እኅቴ በተጫነች ማግሥት የከብት ገበያው አጠገብ ሳልፍ ያንን መደብ ቆሜ አየሁት። ንጽጽሩ የሚያስቀይመው ካለ እኔንም አስቀይሞኛል።

እንግዲህ የምጠይቀው በየመናኸሪያው አንድ መደብ ነው። በድንጋይና በሲሚንቶ ይሠራል፤ ላዩ ከዋልካው ስለሚርቅ ክረምትም ያገለግላል። መወጣጫው ቁልቁለት እንዳይሆን በብዙ አገር ተቀባይነት ያለው ልክ አንድ ለአሥራ ሁለት ነው፤ ይህም ማለት ለእያንዳንዱ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍታ 1 ሜትር ከ20 ርዝመት ያስፈልጋል ማለት ነው። የሚኒባሱ ወለል ከመሬት 50 ሳንቲ ሜትር ቢሆን መወጣጫው 6 ሜትር ይሆናል፤ የአንድ ሚኒባስ ርዝመት ቢበዛ ትንሽ አለፍ ብሎ። የሚኒባስ ተንሸራታች በር በቀኝ በኩል ስለሆነ መደቡ የሚቀመጠው መኪናው ቀኝ ጎኑን አስጠግቶ በሚያልፍበት ቦታ ላይ ነው፤ ይህ ካልታሰበበት ተሠርቶም ጥቅም አይሰጥም። በጫፉ ላይ ጎማ የሚይዝ ዝቅተኛ ከንፈር፣ በአንድ ጎኑ ደግሞ የእጅ መደገፊያ ብረት ይኑረው። ለቅጥቅጥና ለትልልቅ አውቶቡሶች መደቡ የመጀመሪያውን ደረጃ ብቻ ነው የሚያስቀረው፤ ከበሩ ውስጥ ያሉት ደረጃዎች እንዳሉ ይቀራሉ፤ ነገር ግን በደረጃ የወጣ ሰው ሁሉ እንደሚመሰክረው ከባዱ የመጀመሪያው ነው። ጉልበቷን የምታማት አሮጊት፣ እግሩ ያበጠ ገበሬ፣ ነፍሰ ጡር፣ ልጅ ያዘለች እናት፣ በክራንች የምሄደው እኔም በዚያው እንሳፈራለን። ድንጋዩን ከየት እናመጣለን የሚል የጎጃም ከተማ ያለ አይመስለኝም።

ሁለተኛው ጉዳይ ተራው ነው። ረዳቶች ክፉዎች ሆነው እንደማይጭኑን አድርጎ የሚጽፍ ሰው መናኸሪያን አያውቅም። ሾፌሩ የዕለት ገቢ ለባለንብረቱ ማስገባት አለበት፤ በቀን ሁለት ምልልስ ወይስ ሦስት የሚለው የሚወሰነው በደቂቃዎች ነው፤ ዊልቸር አጥፎ ማሰር፣ ሰው ደግፎ ማስገባት ሩብ ሰዓት ይፈጃል፤ የሞላለት ተሳፋሪም «እንሂድ እንጂ» እያለ ይወርዳል። ስለዚህ ደግነት ያሳየ ረዳት በደግነቱ ይከስራል፤ «ቀጣዩ ይውሰዳቸው» ያለው ያተርፋል። ይህን በስብከት መለወጥ አይቻልም፤ በተራ ግን ይቻላል። በዊልቸር የሚሄድ ወይም ድጋፍ የሚያስፈልገው ሰው በመደበኛ ታሪፍ፣ ለዊልቸሩ ሳያስከፍል የጫነ መኪና በደረሰበት መናኸሪያ የመመለሻ ተራ ቅድሚያ ይሰጠው። የሚያስፈልገው የመነሻው ስምሪት ሠራተኛ መውጫው ላይ የሚጽፋት አንዲት መስመርና የመድረሻው ተራ አስከባሪ የሚያያት ማኅተም ብቻ ናት። አንድም ብር ከማንም አይወጣም። አንዳንዱ ያልጫነውን ጫንሁ ብሎ ማኅተም ሊያስመታ ይሞክር ይሆናል፤ ይሞክር፤ ተሳፋሪው ሲወርድ በዐይን የሚታይ ስለሆነ ማጭበርበሩ ከባድ ነው። እንዲያውም በአንድ ወር ውስጥ ረዳቶች እኛን ለመጫን ሲሻሙ ታያላችሁ ብዬ እገምታለሁ፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሌላ ቅሬታ ይዤ እመጣ ይሆናል።

ከዚሁ ጋር በየመኪናው ከጋቢናው ኋላ ያሉት ሁለት ወንበሮች መኪናው ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች ይቆዩ። ፈላጊ ካልመጣ ይሸጡ። በመተላለፊያው ላይ በሚደረደር ዱካ የሰባ ዓመት ሽማግሌ አስቀምጦ የጮቄን ሥር መንገድ መንዳትን ግን ምንም ደንብ ሳይወጣለትም ማቆም ይቻላል።

ሦስተኛው፣ እኔ የቀጠሮ መኪና የምለው ነው። ከላይ ያልሁት ሁሉ መናኸሪያ መድረስ ለሚችል ሰው ነው፤ ከመንገዱ አምስትና አሥር ኪሎ ሜትር ርቆ ያለው ታማሚ ግን ዛሬም በቃሬዛ ነው የሚወጣው። ጎረቤት ተራ ገብቶ ይሸከማል፤ ጎረቤት ባይኖር ብዙ ሰው ባለቀ ነበር። ቢሆንም ቃሬዛ ለድንገተኛ ነው፤ በየሁለት ወሩ ለስኳርና ለደም ግፊት ክትትል አምስት ጎልማሳ ከእርሻው ማስነሣት የሚያሳፍረው ሽማግሌ ክትትሉን ይተዋል፤ ተመልሶ በቃሬዛ የሚወጣው ስትሮክ ከመታው በኋላ ነው። የጤና መድን ካርድ በኪሱ ይዞ፣ ሪፈራል ተጽፎለት፣ በመኪና ማጣት ቤቱ የተቀመጠ ሰው በየቀበሌው አለ።

የቀጠሮ መኪና በሳምንት ሁለት ቀን ይሂድ፤ ቀኖቹ የገበያ ቀን አይሁኑ፤ በገበያ ቀን ለጤነኛውም መኪና የለም። ፈላጊው ቢያንስ ሁለት ቀን ቀድሞ በስልክ ወይም በሰው ይመዝገብ። መዝጋቢ ፍለጋ ሩቅ አንሄድም፤ በየቀበሌው ቤት ለቤት የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ማን እንደታመመ፣ ማን መራመድ እንደማይችል፣ የማን ቀጠሮ መቼ እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቃሉ። እነሱ ስሙን ለወረዳው ያስተላልፋሉ፤ ወረዳው ለማኅበሩ ያስታውቃል፤ መኪናው መኪና እስከሚገባበት ድረስ ገብቶ ይወስዳል፤ ከሰዓት በኋላ ይመልሳል። የመመለሱን ነገር አጥብቄ የምናገረው ሐኪም ዘንድ ውሎ በ10 ሰዓት መኪና አጥቶ በረንዳ ላይ ያደረ ሽማግሌ ስለማውቅ ነው።

ማን ይክፈል? ተሳፋሪው መደበኛውን ታሪፍ ይክፈል፤ ደጋፊው በነፃ ይሂድ። የቀረውን የሚሸፍነው ተራ ነው። አርባ አባል ያለው የባለንብረቶች ማኅበር ብንወስድ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ማለት በዓመት 104 ቀን ነው፤ ለአንድ አባል በዓመት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይደርሰዋል። በእድር ቀብር ለመቆፈር ከምንሰጠው ቀን ያንሳል። ለዚያ ቀን የመናኸሪያ አገልግሎት ክፍያ ይቅርለት፤ በማግሥቱ ተራው ይቅደምለት። ወረዳዎች ደግሞ ነዳጁን ሊያግዙ ይችላሉ። ይህ አይቻልም የሚለኝ ካለ፣ መንግሥት ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የታለመ የነዳጅ ድጎማ ብሎ የሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎችን በሰሌዳቸው ለይቶ በቴሌብር ሲደግፍ እንደነበር አስታውሰዋለሁ። አንድን መኪና ለይቶ፣ ለአንድ ቀን ሥራ፣ የተወሰነ ሊትር መደጎም እንደሚቻል ያኔ አይተናል።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአካባቢያችን ባለው የፀጥታ ችግር መንገድ የሚዘጋበት ቀን ብዙ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ለዚህ መፍትሔ የምሰጠው እኔ አይደለሁም። መንገዱ ሲከፈት ግን የመጀመሪያው መኪና ቀጠሯቸው ያለፈባቸውን ሰዎች ይዞ እንዲወጣ ማድረግ በእጃችሁ ያለ ነገር ነው። መንገድ ተዘግቶ ሲሰነብት ወጣቱ በእግሩም በፈረሱም ይሄዳል፤ በዊልቸር ያለ ሰው ግን ካለበት ንቅንቅ አይልም።

ለረዳቶችና ለሾፌሮች በወንድምነት የምላችሁ ጥቂት ነው። ሰው ከማንሣታችሁ በፊት «እንዴት ብይዝሽ ይሻላል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ራሷ ታውቀዋለች። በብብት አትሳቡ፤ ትከሻ ይወልቃል። ስትሮክ የመታውን ሰው በደከመው እጁ ጎትታችሁ አታስነሡ። ዐይነ ስውሩን በበትሩ አትጎትቱት፤ ክርናችሁን ስጡት፣ እሱ ይይዛችኋል። መልስ ስትሰጡት ብሩን አንድ በአንድ ስሙን እየጠራችሁ በእጁ አኑሩለት፤ መውረጃው ሲደርስ ቦታውን ጮክ ብላችሁ ጥሩ። ዊልቸር ስትጭኑ ጎማው ላይ ጆንያ አትጫኑበት።

ሕጉን ለመጥቀስ ያህል፣ የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞችና ለአረጋውያን ድጋፍ እንደሚያደርግ ይደነግጋል። አገራችን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ደግሞ በአንቀጽ 9 ትራንስፖርት ለአካል ጉዳተኞች ተደራሽ እንዲሆን ግዴታ ይጥላል። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 በአንቀጽ 36 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች በዊልቸር ለሚሄዱና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች መግቢያ እንዲኖራቸው አዝዟል፤ አዲስ የሚሠሩ መናኸሪያዎች ሁሉ በዚህ ዐይን ሊታዩ ይገባል። ከዚህ በላይ አልሄድም፤ ሕጉ እንዳለ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። በየዓመቱ ኅዳር 24 የአካል ጉዳተኞች ቀን ሲከበር ሕጉ በሚገባ ይነበብልናል። አንድ ዓመት የተነበበልን ሦስተኛ ፎቅ ላይ በሚገኝ አዳራሽ ስለነበር፣ እኔ እንደ ምንም ወጥቼ ሰማሁ፤ እኅቴ ከታች ጥበቃው ጋር ቁጭ ብላ ሻይ ጠጣች።

በሦስቱም ነገር በአንድ ጊዜ ጀምሩ አልልም። መደቡ ከተሠራና የተራው ደንብ በአንድ መናኸሪያ፣ ለሦስት ወር እንኳ ከተሞከረ፣ የቀጠሮ መኪናው እንዴት እንደሚሆን ማኅበራቱ ራሳቸው ያሳዩናል። ለሙከራው የምትመርጡት ከተማ የኛ እንዲሆን አልለምንም፤ ደጀንም ይሁን ፍኖተ ሰላም፣ ሞጣም ይሁን ዳንግላ ደስ ይለኛል። እኔ በበኩሌ ጡረተኛ ነኝ፤ ጊዜ አለኝ። በከተማችን ያለነው አካል ጉዳተኞችና አረጋውያን ስም ዝርዝር፣ ከየት ወደ የት በየስንት ጊዜው እንደምንሄድ ጭምር፣ ቤት ለቤት እየዞርሁ መመዝገብ ጀምሬአለሁ። እስካሁን የሁለት ቀበሌ ጨርሻለሁ፤ በወር አንድም አይገጥመንም ላሉኝ ባለሙያ ግልባጩን በእጃቸው እሰጣቸዋለሁ።

እኅቴ ቀጣዩ ቀጠሮዋ የኅዳር ሚካኤል ማግሥት ነው። እሄዳለሁ አላለችም፤ አልሄድም ማለቷን ግን ትታለች። ከተስማማች ከጠዋቱ 12 ሰዓት መናኸሪያው በር ላይ እንሆናለን። ከእናንተ ማንም መጥቶ ማየት ቢፈልግ የመኪናዎቹን ወለል የምንለካበት ሜትር እኔ ይዤ እመጣለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አንድ ጡረተኛ መምህር፣ ከምሥራቅ ጎጃም